ምዕራፍ ሰባት፦ አለቃ የሌለው ውሳኔ

በነሐሴ መጨረሻ፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ገብስ ሁልጊዜ ቆሞ አይገኝም። ሌሊቱን የጣለ ዝናብና ነፋስ፣ ሲብስም በረዶ፣ ማሳውን ያስተኛዋል። ዛላው ገና ያልደረቀ ከሆነ ግን የደጋው ገበሬ ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም፤ ጥቂት ቀን ይጠብቃል። አገዳው አንጓ አንጓው ላይ እየታጠፈ ቀስ በቀስ ቀና ይላል። መሬት የነካው ክፍል እንደተኛ ይቀራል፤ ዛላውን የተሸከመው ጫፍ ግን ወደ ሰማይ ይዞራል።

ይህን ያደረገው ማን ነው? ገበሬው አልደገፈውም። ፀሐይም አልሳበችውም፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ የተጋደመ የገብስ አገዳም እንዲሁ ቀና ይላልና። ሥራው የአንጓው ነው። በአንጓው ዙሪያ ባሉ አንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ ከበድ ያሉ የስታርች ቅንጣቶች አሉ። አገዳው ሲጋደም ቅንጣቶቹ ወደ አዲሱ ታች ይዘቅጣሉ፤ ሕዋሱም በዚህ ላይና ታችን ይለያል። ከዚያ በኋላ በምዕራፍ አራት የተዋወቅነው የእድገት ሆርሞን፣ ኦክሲን፣ በታችኛው ጎን ይበዛል። ያ ጎን ከላይኛው ይልቅ ስለሚረዝም አገዳው ወደ ላይ ይታጠፋል። አንድ አገዳ ደግሞ በርካታ አንጓዎች አሉት። እያንዳንዱ አንጓ ዝንባሌውን ራሱ ይለካል፤ የድርሻውን ያህል ይታጠፋል። ለሁሉም ትእዛዝ የሚሰጥ አንድ ክፍል የለም፤ ውጤቱ ግን አንድ ቀና ያለ ገብስ ነው።

ባለፉት ስድስት ምዕራፎች ዕፅዋት ብርሃንን፣ ውሃን፣ ንክኪንና ሽታን እንዴት እንደሚለዩ አይተናል። የቀረው ከባዱ ጥያቄ ነው፦ ይህን ሁሉ የሚለይ ፍጡር አስተውሎት አለው ሊባል ይችላል? የዚህ ምዕራፍ መልስ በአንድ ሐሳብ ላይ ይቆማል፦ ውሳኔ እንዲኖር የግድ አለቃ መኖር የለበትም።

ጭላዳ የጋጠው ሣር

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር በኩል ወደ ግጭ የሚወጣ መንገደኛ በሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር የሚነጩ ጭላዳዎችን ያገኛል። የጭላዳ ዋና ምግብ ሣር ነው፤ ቀኑን ሙሉ በጣቶቹ እየነጨ ይበላል። በማግሥቱ ግን ሣሩ እዚያው አለ፤ ማደጉንም አላቆመም። ምክንያቱ የሣር ቅጠል የሚያድገው ከጫፉ ሳይሆን ከግርጌው መሆኑ ነው። ሣር እየተጋጠ ለመኖር የተሠራ ነው፤ አዲስ ሕዋስ የሚያመርተውን ክፍል ጥርስና ጣት በቀላሉ ከማይደርሱበት፣ ከመሬቱ ጥግ አስቀምጦታል።

እዚህ ላይ ስለ ዕፅዋት አስተውሎት የሚነሣው ክርክር ቁልፍ አለ። ብዙ ሰው «ተክል አንጎል ስለሌለው አያውቅም» ይላል። ግን ተክል አንጎል ቢኖረው ምን ይሆን ነበር? አንጎል ማለት በአንድ ቦታ የተሰበሰበ፣ ከጠፋ የማይተካ ክፍል ነው። እንስሳ እንዲህ ያለውን ክፍል በአጥንት ከልሎ፣ አደጋ ሲመጣ ይዞት ይሸሻል። ሥር የሰደደ ፍጡር መሸሽ አይችልም። የማይተካ ክፍል የያዘ ተክል የመጀመሪያው ፍየል በነከሰው ዕለት ያበቃለት ነበር። ስለዚህ የተክል አካል ከሚደጋገሙ ክፍሎች፣ ማለትም ከቅጠል፣ ከአንጓ፣ ከቅርንጫፍና ከሥር ተገንብቷል። አብዛኛው ተበልቶም የቀረው ይቀጥላል። የአንጎል አለመኖር ጉድለት አይደለም፤ ቆሞ የመኖር ሕግ ነው።

ያው ሕግ ሌላ ግዴታም ያመጣል። በግ ስትጠማ ወደ ወንዝ ትወርዳለች፤ ገብስ ግን ድርቅ ሳይደርስበት መዘጋጀት አለበት። መሸሽ የማይችል አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ታዲያ የሚያውቅ አንድ ክፍል ከሌለው ማወቁ የት ነው ያለው?

የገብስ ዋጋ በደባርቅ ገበያ

የደባርቅን ገበያ እናስብ። ጠዋት አንዱ ከዳባት በኩል ገብስ ጭኖ ይመጣል፤ ሌላው ከጃናሞራ በበቅሎ ይደርሳል። አንዱ በቀበሌው ምርቱ እንደቀነሰ ያውቃል። ሌላዋ ትናንት ጎንደር ላይ ስንት እንደተሸጠ ሰምታለች። ሦስተኛው የሚያውቀው የራሱን ችግር ብቻ ነው፤ ዛሬ ሸጦ ማዳበሪያ መግዛት አለበት። ሁሉንም የሚያውቅ አንድም ሰው በገበያው የለም። ሆኖም እኩለ ቀን ሳይደርስ የገብስ ዋጋ ይታወቃል፤ ከዳር እስከ ዳር ቢጠየቅ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ዋጋው የተቆረጠው በሺህ ጥቃቅን ልውውጦች ነው። አንድ ትልቅ ነጋዴ ታሞ ቢቀር እንኳ ገበያው አይበተንም።

ተክል እንዲህ ነው። ገበያተኞቹ ሕዋሳቱ ናቸው። የሥሩ ጫፍ የአፈሩን እርጥበት ያውቃል እንጂ ፀሐዩን አያውቅም። ቅጠሉ ፀሐዩን ያውቃል እንጂ አፈሩን አያየውም። በምዕራፍ ሦስት ያየናቸውን የቅጠል ቀዳዳዎች እናስታውስ። ቀዳዳው ሲከፈት ተክሉ ምግብ የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል፤ በዚያው ግን ውሃ ይወጣል። መክፈት ትርፍ፣ መዝጋት ቁጠባ ነው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ዘብ ሕዋሳት የብርሃኑን መጠን፣ የአየሩን ድርቀት፣ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካሉ። አፈሩ ሲደርቅ ደግሞ አብሲሲክ አሲድ የሚባል የድርቅ ሆርሞን ይደርሳቸዋል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ቀዳዳው ምን ያህል እንደሚከፈት ይቆረጣል። በአንድ ቅጠል ላይ ይህ ሒሳብ በብዙ ሺህ ቀዳዳዎች በየራሱ ይሠራል፤ ድምሩ ተክሉ በዚያች ሰዓት ውሃውን እንዴት እንደሚያወጣ የሚወስን ዋጋ ነው።

ገበያው ያስባል ወይ ብንባል እናመነታለን። ገበያው ያውቃል ወይ ብንባል ግን አዎ ለማለት በቂ ምክንያት አለን፤ አንድም ሰው ያልያዘውን እውቀት አሰባስቦ ትክክለኛ ሊሆን የሚችል ውጤት ያወጣልና።

ወሬው በምን ይሄዳል

ገበያ ያለ ወሬ አይቆምም። በተክል ውስጥ ወሬ የሚሄድባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ቀርፋፋዎቹ ሆርሞኖች ከሕዋስ ወደ ሕዋስ፣ ወይም ከውሃውና ከምግቡ ጋር በቱቦዎቹ ይጓዛሉ። ፈጣኑ መንገድ የታየው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ማሳትሱጉ ቶዮታ፣ ሳይመን ጊልሮይና ባልደረቦቻቸው ካልሲየም በበዛበት ቦታ ብርሃን እንዲሰጥ የተደረገ ትንሽ ተክል አዘጋጁ። አንዱን ቅጠል ትል ሲበላው ከቁስሉ የተነሣ የካልሲየም ማዕበል በሴኮንድ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እየተጓዘ ያልተነኩትን ቅጠሎች ሲያዳርስ በማይክሮስኮፕ ታየ። ማዕበሉ የደረሰባቸው ቅጠሎች ትል ሳይመጣባቸው መከላከያ ማዘጋጀት ጀመሩ። ማዕበሉን የሚያስነሣው ግሉታሜት ነው፤ በእኛ አንጎልም ነርቭ ለነርቭ መልእክት የሚያስተላልፍበት ንጥረ ነገር ነው።

ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ማለት ግን ተመሳሳይ ሥራ ማለት አይደለም። ድምፅም እንዲሁ ሊያሳስት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የእስራኤል ተመራማሪዎች የተጠማ የቲማቲምና የትምባሆ ተክል የሰው ጆሮ የማይሰማው አጫጭር ድምፅ እንደሚያወጣ ሲያሳዩ፣ ወሬው በየአገሩ «ዕፅዋት ይጮኻሉ» ተብሎ ተዛመተ። ድምፁ እውነት ነው። ምንጩ ግን ውሃ በሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ የሚፈነዳ የአየር አረፋ ሳይሆን አይቀርም። ድምፅ መስማትና ልቅሶ መስማት ይለያያሉ፤ ሌላ ፍጡር ድምፁን ተጠቅሞበት እንደሆነ ማጥናት ግን ተገቢ ነው።

በቆላው የሚጠለፈው መልእክት

ከደባርቅ ወጥተን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደን አዲ አርቃይ ስንደርስ ገብሱ ቀርቶ ማሽላው ይጀምራል። በሰሜን ኢትዮጵያ ማሽላ አብቃይ ቆላዎች የገበሬው ዋና ጠላት አቀንጭራ ነው፤ አበባዋ ያማረ፣ ሥሯ ከማሽላው ሥር ገብቶ ውሃና ምግቡን የሚመጥ አረም። ፍሬዋ ከአቧራ ቅንጣት የማይበልጥ ነው፤ በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይበቅል መቆየት ይችላል። ስንቋ ጥቂት ስለሆነ ማሽላ በሌለበት ብትበቅል በቀናት ውስጥ ትሞታለች። ስለዚህ የማሽላ ሥር በአጠገቧ መኖሩን እስክታውቅ ትጠብቃለች።

የምታውቀው ስትሪጎላክቶን ከሚባል፣ ከማሽላው ሥር ከሚፈስ ቅመም ነው። ይህ ንጥረ ነገር መጀመሪያ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን ለብዙ ዓመታት እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቷል፦ ማሽላ ጠላቱን የሚጠራ ነገር ለምን ያመነጫል? መልሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ከጃፓን ተመራማሪዎች ነው። ማሽላው የሚጠራው አቀንጭራን ሳይሆን ፈንገስ ነው። አፈሩ ፎስፈረስ ሲያንሰው ሥሩ ይህን መልእክት ይለቃል፤ ፈንገሱ ሰምቶ ይመጣል፣ ፎስፈረስ ያቀብላል፣ በለውጡ ስኳር ይወስዳል። በምዕራፍ ስድስት ባቄላ ከባክቴሪያ ጋር ሲዋዋል ያየነው ዓይነት ንግድ ነው። አቀንጭራ ጥሪውን የምትጠልፍ ሦስተኛ ወገን ናት። የደከመ አፈር ላይ አቀንጭራ የምትበረታበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ረኃብ የበዛበት ማሽላ አብዝቶ ይጣራል።

ይህን ጠለፋ ለማክሸፍ ከሠሩት ቀዳሚው ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ገቢሳ እጄታ ናቸው። ወሎንኮሚ ተወልደው፣ አለማያ ተምረው፣ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ዝርያ ሲያሻሽሉ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ጎብዬና አብሺር የተባሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ከሥራቸው የተገኙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው የዚህን መቋቋም ምሥጢር በዘረ መል ደረጃ አሳዩ፦ በተቋቋሚዎቹ ማሽላዎች አንድ ዘረ መል ሥራውን ስላቆመ ሥሩ የሚለቀው የስትሪጎላክቶን ዓይነት ተለውጧል። አቀንጭራ አዲሱን መልእክት በደንብ ስለማታውቀው ተኝታ ትቀራለች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ዓይነት ብልሃት አለ፤ መለየት ይገባናል። አንደኛው የእያንዳንዱ ተክል ነው፤ ይህ ማሽላ፣ በዚህ ማሳ፣ ፎስፈረስ እንዳነሰው ለክቶ ጥሪውን ያበዛል፣ ካላነሰው ይቀንሳል። ሁለተኛው የዘር ሐረጉ ነው፤ አቀንጭራ «ስትሪጎላክቶን ማለት ማሽላ ማለት ነው» የሚለውን በሕይወቷ አልተማረችውም። ያልጠበቁት በየትውልዱ ሞተው፣ የጠበቁት ዘር ተክተው፣ እውቀቱ በዘር ተጻፈ። የዕፅዋት አስተውሎት ከሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስደንቀን ሁለተኛው ነው፤ ክርክሩ መካሄድ ያለበት ግን በመጀመሪያው ላይ ነው።

ያስታውሳሉን?

አስተውሎት ያለ ትውስታ አይታሰብም። ትውስታ ስንል ያለፈው ነገር አሻራውን ትቶ የኋላውን ውሳኔ መለወጡን ከሆነ፣ ዕፅዋት ያስታውሳሉ። በአሜሪካ ካሮላይና ረግረጎች የሚበቅለው ዝንብ አጥማጅ ተክል በቅጠሉ ላይ ያለ ፀጉር አንድ ጊዜ ቢነካ ዝም ይላል። በግማሽ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሁለተኛ ንክኪ ከመጣ ወጥመዱን ይዘጋል። የራይነር ሄድሪኽ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየው፣ የተያዘው ነፍሳት ሲንፈራገጥ ንክኪው ይቆጠራል፤ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች በብዛት የሚመነጩት አምስት ያህል ንክኪ ሲሞላ ነው። የዝናብ ጠብታ አንድ ጊዜ ይነካል፣ ዝንብ ግን ትታገላለች፤ ቆጠራው ድካምን ያድናል። በብርድ አገር በመጸው የሚዘራ ስንዴም የረጅም ብርድ ሳምንታትን በሕዋሱ ውስጥ መዝግቦ ይይዛል፤ ክረምቱ ማለፉን ሳያረጋግጥ አያብብም።

ከዚህ በላይ ያለው ትምህርት የሚባለው ነው፤ እዚህ ላይ መሬቱ ይለሰልሳል። ሞኒካ ጋሊያኖ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ሲነካ ቅጠሉን የሚያጥፈው ሚሞሳ ደጋግሞ ሲወድቅ ጉዳት እንደሌለው «ተምሮ» ማጠፍ እንዳቆመ፣ በ2016 ደግሞ አተር ነፋስን ከብርሃን ጋር ማያያዝ እንደተማረ ጽፋለች። የአተሩ ሙከራ ግን እ.ኤ.አ. በ2020 በሌላ ተመራማሪ ሲደገም ውጤቱ አልተገኘም። በሳይንስ አንድ ጊዜ የታየ ነገር ገና እውቀት አይደለም፤ ሌላ እጅ ደግሞት ሲገኝ ነው እውቀት የሚሆነው። ስለዚህ ዕፅዋት እንደሚቆጥሩና እንደሚመዘግቡ በድፍረት እንናገራለን፤ እንደ ውሻ ሁለት ነገር አያይዘው እንደሚማሩ ግን ለመናገር አንችልም።

ክርክሩ የት ደረሰ

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1880 ባሳተመው ስለ ዕፅዋት እንቅስቃሴ በሚናገር መጽሐፍ፣ የሣር ቡቃያ ጫፍ ብርሃን በማያሳልፍ ቆብ ሲሸፈን ወደ ብርሃን መታጠፍ እንደሚያቆም አሳይቷል። ብርሃኑን የሚያየው ጫፉ፣ የሚታጠፈው ግን ታችኛው ክፍል ነው። ዳርዊን ከዚህ ተነሥቶ የሥርን ጫፍ በታናናሽ እንስሳት ከሚገኝ አንጎል ጋር እስከማነጻጸር ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2003 አንተኒ ትሬዋቫስ የዕፅዋትን አስተውሎት በግልጽ የሚከራከር ጽሑፍ አወጣ። በ2006 «የዕፅዋት ነርቭ ሳይንስ» የሚል ስም የያዘ እንቅስቃሴ ተነሣ። በዓመቱ 36 ሳይንቲስቶች ነርቭ በሌለበት የነርቭ ሳይንስ ማለት ምንም አይጨምርም ብለው በጋራ ጻፉ። በ2019 ሊንከን ታይዝና ባልደረቦቹ ዕፅዋት ንቃተ ኅሊና የላቸውም፣ አያስፈልጋቸውምም ብለው ተከራከሩ።

የሁለቱም ወገኖች ማስረጃ ጎን ለጎን ሲቀመጥ አብዛኛው ጠብ ሁለት ጥያቄዎች ከመቀላቀላቸው የመጣ ሆኖ ይታያል። አንደኛው፦ ተክል መረጃ ሰብስቦ፣ አመዛዝኖ፣ እንደ ሁኔታው መልሱን ይለውጣል? አዎ። የገብሱ አንጓ፣ የቅጠሉ ቀዳዳ፣ የማሽላው ጥሪ ምስክር ናቸው። አስተውሎትን በዚህ ብንለካው ዕፅዋት አላቸው፤ የገበያው ዓይነት፣ የተበታተነና አለቃ የሌለው አስተውሎት። ሁለተኛው፦ ተክል ይሰማዋል፣ ራሱን ያውቃል፣ ይሠቃያል? ለዚህ ማስረጃ የለንም። ገበያው ዋጋ ሲቆርጥ የሚደሰትና የሚያዝን ገበያተኛው እንጂ ገበያው ራሱ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ብልህ ውጤት ማየታችን በውስጡ የሚሰማው አንድ «እኔ» መኖሩን አያረጋግጥም። ልዩነቱ በገበያው ውስጥ ቢያንስ ገበያተኛው ይሰማዋል፤ በተክሉ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ግን እንደሚሰማቸው የሚያሳይ ምልክት አልተገኘም።

ይህ ክብራቸውን አይቀንስም። ክብር ለመስጠት ሰው ማስመሰል አያስፈልገንም። አንጎል ሳይኖር ማመዛዘን የሚቻልበት ሌላ መንገድ በምድር ላይ መኖሩ ራሱ ከተረት ይልቅ ይደንቃል።

ጅብራ እና ፈጣኑ ለውጥ

ከሳንቃበር በላይ፣ የአስታ ዛፉ እየቀነሰ ሲሄድ ጅብራ ይቆማል። ይህ በኢትዮጵያ ተራሮች ብቻ የሚገኝ ግዙፍ ተክል በቀን ኃይለኛ ፀሐይ፣ በሌሊት ውርጭ ይፈራረቁበታል። ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ እያወጣ ስንቅ ያከማቻል፤ በመጨረሻ ከሰው ቁመት በላይ የሚዘልቅ የአበባ ዘንግ ያወጣል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይሞታል። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያብብ ተክል ጊዜውን ሊስት አይገባውም። መቼ እንደሚያብብ የሚቆረጠው ከስንቁ ክምችትና ከአካባቢው ምልክቶች ድምር ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሒሳብ የተጻፈው ግን በረጅም ዘመን፣ በቀዝቃዛ ተራራ ላይ ነው። ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ምድር አብዝታ ብትሞቅ እ.ኤ.አ. በ2080 ለጅብራ ተስማሚ ሆኖ የሚቀረው ቦታ 3.4 በመቶ ያህል ብቻ እንደሚሆን ገምተዋል። ሙቀቱ ወደ ላይ ሲገፋ ተክሉ በዘሩ አማካይነት ከፍ ወዳለ ቦታ መሸሽ ይሞክራል፤ ከራስ ዳሸን 4,533 ሜትር በላይ ግን በሰሜን ተራሮች መሬት የለም።

የተክል ብልሃት ወሰኑ እዚህ ይታያል። እያንዳንዱ ተክል የሚመልሰው የዘር ሐረጉ ቀድሞ ላገኛቸው ጥያቄዎች ነው፤ ለውጡ ከትውልዱ ሲፈጥን፣ ቀድሞ ትክክል የነበረው መልስ ስሕተት ይሆናል። የነገውን አይቶ አቅጣጫ መለወጥ የሚችለው ገና ያልመጣውን ማሰብ የሚችል ፍጡር ነው። ያ ደግሞ እኛ ነን። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያለውን ግጦሽ መመጠን፣ የከፍተኛውን ቦታ ዘር ሰብስቦ ማቆየት፣ የሙቀቱን ምንጭ መቀነስ የጅብራ ሳይሆን የሰው ውሳኔ ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ይህን ኃላፊነት ይዘን ወደ ዘር እንገባለን፦ የደጋው ገበሬ ለትውልድ ሲመርጠው የኖረው ገብስ፣ ከዚህ ለውጥ ጋር ለመራመድ የሚያስችል ምን ያህል ልዩነት በውስጡ እንደያዘ እናያለን።